ሆድ ካገር ይሰፋል፦ የኢትዮጵያዊ ወንድ ሰውነትና የምግብ እምቢታ በታሪክና በስደት

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከኦሊምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትዎርዝ ድራይቭ በምትዘልቀው አጭር መንገድ ላይ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሁለት ኢትዮጵያውያን ወንዶች ሲገናኙ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ከተባለ በኋላ የሚሰማው ቃል ብዙውን ጊዜ ስለ ሰውነት ነው። «ምነው ከሳህ?» ይላል አንደኛው። በዚህች ቃል ውስጥ አሞህ ነበር ወይ፣ ክፉ ወሬ ደረሰህ ወይ፣ ካገር ቤት ምን ሰማህ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ተጠቃለው ይገኛሉ። ተጠያቂውም «ደኅና ነኝ፤ ሥራው ነው» ብሎ ያልፈዋል። «ወፈርህ» መባል ግን ባገር ቤት ምስጋና ነበረ፤ ቀን ወጣልህ፣ ተደላደልህ ማለት ነውና። ዛሬ በዚሁ ጎዳና ያው ቃል ሲነገር ገሚሱ ሰው ፈገግ ይላል፤ ገሚሱ ግን ቦርጩን በእጁ ዳሰስ አድርጎ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ሐኪሙ ትእዛዝ ማውራት ይጀምራል። ቃሉ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከምርቃት ወደ ማስጠንቀቂያ ተለወጠ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚህ ለውጥ በስተጀርባ ያለውን ታሪክ መመርመር ነው። ስለ ኢትዮጵያ ረኀብ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ረኀቡ ፖለቲካ፣ ስለ እርዳታው፣ ስለ ሰፈራው እኛው ራሳችን በየጉባኤው ተከራክረናል። ወንዱ ስለ ገዛ ሰውነቱ ምን እንደሚያስብ፣ ለምን እንደሚበላና ለምን መብላት እንደሚተው ግን የጻፍነው እጅግ ጥቂት ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። ወንድ ልጅ ስለ ሆዱ መናገሩ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዘመኑ የተቈጠረው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።)

ከቋንቋው መነሣት ይሻላል። በአማርኛ ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደለም። የምስጢር፣ የኀዘን፣ የቂምና የፍቅር ማደሪያም ነው። የሚታገሠው ሰው ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ ይባላል። የተጣሉ ሰዎች ሆድና ጀርባ ሆኑ እንላለን፤ የማይነገረውን ነገር ሆድ ይፍጀው ብለን እንተወዋለን፤ የምንወደውንም ሰው «ሆዴ» ብለን እንጠራዋለን። ሆድ ካገር ይሰፋል ሲባል የሚታሰበው ብዙ ነገር ችሎ፣ ውጦ፣ ደብቆ የሚይዝ ሰው ነው። በአንጻሩ ደግሞ ይኸው ሆድ ከእህል ጋር ሲገናኝ መዋረጃ ይሆናል። «ሆዳም» ለልጅም ለዐዋቂም ከባድ ስድብ ነው። «ሆድ አደር» የሚለው ቃል በስደተኛው ፖለቲካ ውስጥ ስንት ወዳጅነት እንዳፈረሰ የዚህ መጽሔት አንባቢ ያውቀዋል። ጥጋብ እንኳ፣ ሌላው ዓለም የሚመኘው ጥጋብ፣ በእኛ አነጋገር የትዕቢት ሌላ ስሙ ነው፤ «ጠገበ» የተባለ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት እንጂ እንኳን ደስ ያለህ አይደለም። እንግዲህ ወንድ ልጅ በሁለት ሚዛን ይመዘናል ማለት ነው። ሆዱ ለነገር ሰፊ፣ ለእህል ጠባብ እንዲሆን ይፈለጋል።

ይህን ሚዛን ከሁሉ አስቀድማ ያጸናችው ቤተ ክርስቲያን ናት። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ምእመናን ሁሉ የሚጾሟቸው ሰባት አጽዋማት አሉ፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። የምእመናኑ የጾም ቀን ተደምሮ በዓመት ወደ 180 ይደርሳል፤ ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250 ይቈጠራል። ጾሙ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቍላል መተው ብቻ ሳይሆን እስከ ተወሰነ ሰዓት ከእህልና ከውሃ መከልከልንም ይጠይቃል። ከዚህም አልፈው የሄዱ አሉ። የዋልድባ መነኮሳት እህል ትተው ቋርፍ በልተው ይኖራሉ። ገድሉ እንደሚተርከው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የእናታቸውን ጡት እንኳ አልቀመሱም፤ ልብስም ምግብም ሳይሹ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ኖሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በጸሎት ብዛት እግራቸው እስኪሰበር ቆሙ። እነዚህ ሥዕሎች ከልጅነታችን ጀምረው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ያየናቸው የወንድ ሰውነቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ከአውሮጳ ታሪክ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሩዶልፍ ቤል በ1985፣ ካሮላይን ዎከር ባይነም ደግሞ በ1987 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ስለ መካከለኛው ዘመን ጾመኞች ሲጽፉ የተነሡት ሴቶችን ይዘው ነው፤ በ1380 ያረፈችው የሲየናዋ ካተሪና ዋነኛዋ ምሳሌ ናት። በዚያ ዘመን በአውሮጳ ምግብን እምቢ በማለት ሥልጣንና ቅድስና ያገኘችው በይበልጥ ሴቲቱ ነበረች። በእኛ አገር እነ ወለተ ጴጥሮስና ክርስቶስ ሠምራ ቢኖሩም የጾም ገድል በአመዛኙ የወንድ ገድል ነው። ስለዚህ የከሳ ወንድ በኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ትርጕም አለው፤ ወይ የተቸገረ ነው ወይ የበቃ ነው። ሰውየው ራሱም ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ሁልጊዜ ላያውቀው ይችላል።

ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ጾም መጀመሪያም መጨረሻም አለው። ዶሮ ሲጮኽ ይፈሰካል፤ የተቀመጠው ቅቤ ይነጠራል፤ የጾመው ሁሉ በአንድ ላይ ይበላል። ፍትሐ ነገሥቱም በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ሥርዐት ያበጅለታል እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ አይለቅም። ከዚያም በላይ የነፍስ አባት አለ። የታመመውን «አንተ ብላ» የሚል፣ ከልክ ያለፈውን «ይብቃህ» የሚል ሰው ማለት ነው። ይህ ነጥብ ወደ ስደቱ ስንመጣ ይመለሳል።

ከመነኵሴው ጐን የቆመው ሌላው አርአያ ወታደሩ ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1965 በታተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፣ በ1966 ደግሞ በኢትዮጵያ ባህል ስለ ወንድነት ባወጣው ጽሑፉ፣ ለዐማራው ወንድነት ማለት ከሁሉ በፊት መከራን መቻል እንደ ሆነ አሳይቷል። ረጅም መንገድ በእግር መሄድ፣ በበሶና በቆሎ መሰንበት፣ ራበኝ አለማለት። ከዘመቻው በኋላ ግን ግብር አለ። በዐድዋው ንጉሠ ነገሥት በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ ሠራዊቱ በየተራው እየገባ ጥሬ ሥጋ በጠጅ ሲበላ፣ መብላቱ ራሱ የጀግንነት ምስክር ነበረ። አለመብላትና አብዝቶ መብላት የአንድ ሰው ሁለት ወቅቶች ናቸው፤ ሁለቱም በሰው ፊት የሚደረጉ ናቸው፤ ሁለቱም ጌታ አላቸው። ብቻውን የሚበላና ብቻውን የሚራብ ወንድ በዚህ ሥርዐት ውስጥ ቦታ የለውም።

በእርግጥ ኢትዮጵያ አንድ ዐይነት ሰውነት ብቻ አላወደሰችም። በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት የቦዲ ሰዎች በአዲስ ዓመታቸው በዓል ሰሞን የሚያከብሩት እጅግ የወፈረውን ወንድ ነው። ተወዳዳሪው ለወራት ከጎጆው ሳይርቅ የላም ወተትና ደም እየጠጣ ይከርማል፤ በበዓሉ ቀን ገላውን ዐመድና ጭቃ ተቀብቶ ይወጣል። ያሸነፈው ወንድ ሽልማቱ ክብር ብቻ ነው፤ ክብደቱም ከሳምንታት በኋላ ይቀንሳል። ይህን የማነሣው ለማስደነቅ አይደለም። ሰውነትን ለማኅበረሰብ ዐይን ብሎ በምግብ መቅረጽ ከሆሊውድ የመጣብን ነገር አለመሆኑን ለማሳሰብ ነው።

የዘመናዊው ፖለቲካችን ታሪክም ቢሆን በሰውነት ሥዕል የተሞላ ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣና ሥጋ ከሚጐርሱት ውሾች ጋር እየተፈራረቀ በአዲስ አበባ ታየ። አንድ ሥርዐት የወደቀው በተራበና በጠገበ ሰውነት ንጽጽር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚያስገርመው ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ቀጭንና ደቃቃ ሰው መሆናቸው ነው። ጥጋቡ በእሳቸው ሰውነት ላይ ስላልታየ ከውሾቹ ላይ ተፈለገ። እኛ በዚያን ጊዜ ተማሪዎች የነበርን ሰዎች ከዚያች ሌሊት የወረስነው አንድ ነገር አለ። የጠገበ ሰው ጥፋተኛ ነው የሚል ሥር የሰደደ ስሜት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ስሜት ይዘን ወደ እስር ቤት፣ ከእስር ቤትም ወደ ስደት ገባን።

ስለ እስር ቤቱ አጭር ነገር ልበል። በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ዘመን እስረኛውን የሚያበላው መንግሥት ሳይሆን ቤተ ሰቡ ነበረ። እናት ወይም እኅት በየጧቱ ስንቅ ይዛ ከበር ትቆማለች፤ ያደረ ሣህን ይመለስላታል። አንድ ቀን ስንቁ ሳይነካ ከተመለሰ፣ ወይም «ከእንግዲህ አታምጪ» ከተባለች፣ ልጇ እንደ ተገደለ የምታውቀው በዚያ ነው። ባዶ ሣህን ሕይወት፣ ሙሉ ሣህን ሞት ነበረ። ከዚያ የተረፈ ወንድ በሎስ አንጀለስ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻውን ማዕድ ፊት ሲቀመጥ ያ ሣህን አብሮት የማይቀመጥ ይመስላችኋል?

ወደ 1984 እንምጣ፤ ይህ ዓመት ለጕዳያችን ዋነኛው ነውና። በዚያ ዓመት ክረምት የኦሊምፒክ ውድድር የተደረገው በዚሁ በሎስ አንጀለስ ነበረ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ዓለም የሚያውቀው ቀጭን ኢትዮጵያዊ ሯጩ ነበረ፦ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የጨረሰው፣ በ1964 በቶክዮ የደገመው አበበ ቢቂላ፤ በ1968 በሜክሲኮ ያሸነፈው ማሞ ወልዴ፤ በ1980 በሞስኮ ሁለት ወርቅ የወሰደው ምሩጽ ይፍጠር። የእነዚህ ሰዎች ቅጥነት የኀይል ቅጥነት ነበረ። ደርግ ግን ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወግኖ በሎስ አንጀለሱ ውድድር አልካፈልም ስላለ በ1984 ሯጮቻችን አልመጡም። እነርሱን ለመቀበል ባንዲራ አዘጋጅቶ የነበረው ስደተኛ ባዶ እጁን ቀረ። ሁለት ወር አልፎ ጥቅምት 23 ቀን የማይክል በርክ ዘገባ ከመሐመድ አሚን ሥዕሎች ጋር ከኮረም ተላለፈ። ደርግ የዐሥረኛውን ዓመት የአብዮት በዓል በብዙ ወጪ አክብሮ ገና መብራቱን እንኳ አልነቀለም ነበር። (መሐመድ አሚን ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1996፣ በኮሞሮ ባሕር ዳርቻ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ፤ ዕጣው ከአገራችን ጋር ተሳስሮ ቀረ።) በዚያ ወቅት ወደ ሎስ አንጀለስ የገባው ቀጭኑ ኢትዮጵያዊ ሯጩ ሳይሆን በኮረም ሜዳ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የተኛው ሰው ሆነ።

ጥር 28 ቀን 1985 ሌሊት የአሜሪካ ታላላቅ ዘፋኞች ለኢትዮጵያ ረኀብተኞች «እኛ ዓለም ነን» የተባለውን ዘፈን የቀረጹት በሆሊውድ፣ በላብሬያ ጎዳና በሚገኘው በኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ነው። ከዚያ እስከ ፌርፋክስ ያለው ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። በዚያች ሌሊት በዚሁ ከተማ በመኪና ማቆሚያ ቦታዎችና በቤንዚን ማደያዎች ተራ የገቡ፣ ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ወንዶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ወዲህ የመጡ፣ ዲግሪ ያላቸው ወይም ትምህርታቸውን ያቋረጡ ናቸው። ለጋሶቹን ማመስገን ይገባል፤ ይህ ጸሐፊም ያመሰግናል። ነገር ግን ምጽዋቱ ከቀልድ ጋር መጣ። በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ስም የቀጭን ሰው መሳለቂያ ሆነ። ቀልዱ ዕድሜው አጭር አልነበረም፤ በኅዳር 1997 «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የተራበ ኢትዮጵያዊ ሕፃንን ለሣቅ አቅርቦታል። በአገሩ ቀጭን መሆኑን ልብ ብሎ የማያውቅ ወጣት በዚህ አገር መስተዋት ፊት ቆሞ የጐድን አጥንቱን መቍጠር ጀመረ። አንዳንዱ በበጋ ሁለት ሸሚዝ ደርቦ ይለብስ ነበር። የልብሱ ምክንያት ብርድ አልነበረም።

በዚያው ወራት በሌላ የዓለም ጥግ የሆነው ነገር ለዚህ ታሪክ ቍልፍ ነው። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው ኦፐሬሽን ሞሰስ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከተወሰዱት ቤተ እስራኤል መካከል መብላት ያቆሙ ወጣቶች ተገኙ። ሐኪሞቹ ምልክቱን አይተው አኖሬክሲያ ነርቮዛ አሉት፤ ይኸውም ሰው ወፍራም እሆናለሁ ብሎ በመፍራት ራሱን የሚያስርብበት ሕመም ነው። የሥነ ልቡና ሊቁ ጋዲ ቤን ኤዜር ግን በ1990 ባወጣው ጽሑፍ፣ በርእሱ ራሱ፣ ይህ አኖሬክሲያ ነው ወይስ የኢትዮጵያውያን የችግር አያያዝ ስልት የሚል ጥያቄ አቀረበ። የእርሱ ማብራሪያ ከላይ ወዳነሣነው ቃል ይመልሰናል። ለእነዚህ ወጣቶች ሆድ የስሜት ማኅደር ነው፤ በመንገድ የሞቱ ዘመዶች ኀዘንና ያልተነገረ ነገር ሆዱን ሲሞላው ለእህል ቦታ አይተርፍም። ወጣቶቹ ስለ ውፍረት አላሰቡም። ሐኪሙ የሰማው የአውሮጳን በሽታ ነው፤ ታማሚው የተናገረው አማርኛና ትግርኛ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ልዩ ነገር አይደለም። በሆንግ ኮንግ ሐኪሙ ሲንግ ሊ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳየው፣ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ውፍረትን ሳይፈሩ ሆዴ ተነፋ፣ እህል አስጠላኝ እያሉ እስከ ሞት አፋፍ ይከሱ ነበር። ከእነርሱ በፊት ደግሞ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሰል ኪስ በ1944 እና በ1945 በ36 ወንዶች ላይ ያደረገው ሙከራ አለ። በጦርነት አንዘምትም ያሉት እነዚህ ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ተርበው ከሰውነታቸው አንድ አራተኛ ያህሉን አጡ። ከክብደታቸው መቀነስ ይልቅ የሚያስደነግጠው የአእምሮአቸው ለውጥ ነው። ሌት ተቀን ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ፣ አንዷን ቍራሽ ለሰዓታት ማላመጥ፣ ከሰው መራቅ ጀመሩ። አንዳንዶቹም ከስተው ሳሉ እነርሱ ደኅና ሆነው ሌላው ሰው ከልክ በላይ የወፈረ መሰላቸው። ሙከራው አልቆ እንደ ልብ ብሉ ሲባሉም ብዙዎቹ ለወራት ማቆም አቃታቸው። እንግዲህ ረኀብ ራሱ በሰው አስተሳሰብ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከረን ወይም ከጎንደር ተነሥቶ በረሃውን በእግሩ ያቋረጠ፣ በገዳሪፍና በካርቱም የከረመ ወንድ ይህ ጠባሳ የለበትም ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ሕክምናው ግን ወንዱን ለረጅም ዘመን አላየውም። ነገሩ የሚያስቅ ገጽታም አለው። በ1689 በለንደን ሪቻርድ ሞርተን ይህን ሕመም መጀመሪያ ሲገልጽ ካቀረባቸው ሁለት ታማሚዎች አንዱ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ፣ የቄስ ልጅ ነበረ። ሐኪሙ የሕመሙን ምንጭ ከመጠን ያለፈ ጥናትና የመንፈስ ጭንቀት አድርጎት መጽሐፉን ዘግቶ ገጠር እንዲወርድ፣ ፈረስ እንዲጋልብና ወተት እንዲጠጣ አዘዘው፤ ልጁም በአብዛኛው ተሻለው። (ለዚህ ማኅበር አባላት የሚስማማ መድኀኒት ነው።) ከዚያ በኋላ ግን ወንዱ ከመዝገቡ ጠፋ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 ባወጣው መመሪያ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ የወር አበባ መቋረጥ ነበረ፤ ይህ ምልክት የተሰረዘው በ2013 ነው። ሆኖም በ2007 በታተመ የአሜሪካ አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በዕድሜ ዘመናቸው አኖሬክሲያ ያጋጠማቸው ከሴቶች 0.9 ከመቶ፣ ከወንዶች 0.3 ከመቶ ነበሩ፤ አለልክ እየበሉ ራስን መግታት አለመቻል ደግሞ በሴቶች 3.5፣ በወንዶች 2 ከመቶ ደርሷል። ለኢትዮጵያዊው ሌላ መሰናክል ይጨመርበታል። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 33 በመቶው፣ ከሴቶች 22 በመቶው ከተለመደው ልክ በታች ቀጭን ሆነው ተገኝተዋል። ከወንዶቹ ሲሶው ቀጭን በሆነበት ሕዝብ ውስጥ የታመመው ቀጭን በምን ይለያል?

አሁን ወደ ፌርፋክስ እንመለስ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ምግብ ቤቶች አንድ ሁለት እያሉ ይከፈቱበት የጀመሩት ይህ ሠፈር በ2002 በከተማው ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ምግብ ቤቶቹ ከመከፈታቸው በፊት ብቻውን የመጣው ወንድ የደረሰበትን ችግር ዛሬ መገመት ያስቸግራል። ባገር ቤት ወንድ ጓዳ አይገባም ተብሎ አድጓል፤ ሽንኵርት መክተፍ አያውቅም። ብቻ መብላትን እንደ ነውር ያየዋል። ከዚያም በላይ እንግዳ ሲሆን እምቢ ማለት ተምሯል። ሲቀርብለት «በቃኝ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ማለት ጨዋነት ነው፤ አቅራቢዋ «በሞቴ» ብላ ሦስት ጊዜ ትለምነዋለች፤ በሦስተኛው ይጐርሳል። አሜሪካዊው ግን አንድ ጊዜ ጠይቆ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ሲባል አመስግኖ ሣህኑን ያነሣል። ይህን እንደ ቀልድ ያልተጫወተ ስደተኛ የለም። ቀልዱ ግን አንድ እውነት ይዟል። የእኛ የአመጋገብ ሥርዐት የተሠራው እምቢታ ሁልጊዜ የሚሸነፍ መሆኑን ታሳቢ አድርጎ ነው። የሚያሸንፈው ሰው ሲጠፋ እምቢታው ብቻውን ይቀራል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከዚህ ጸሐፊ ጋር በአንድ ቤት የኖረ አንድ ወዳጅ ነበረ። ሌሊት መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፤ ቀን ይማራል። ሁለት ዓመት ታስሮ ነበር፤ ስለ እስሩ አንድም ቀን አላወራም። ምግብ ሲቀርብ «ጾም ነኝ» ይላል፤ ፍልሰታ ካለፈ በኋላም፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናትም፣ ያውም ጾም በማይጾምባቸው ቀናት፣ ጾም ነኝ ይላል። እኛም ባሕታዊው እያልን እንቀልድበት ነበር። አንድ ሌሊት በሥራው ቦታ ወድቆ ተገኘና ሆስፒታል ተኛ። እኔን ለአስተርጓሚነት ጠሩኝ። ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች፤ ጥያቄዋ ግን «ወፍራም ነህ ብለህ ታስባለህን?» የሚል ነበረ። ተርጕሜ ስነግረው ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀ። ከዚያ «ሆዴ ሙሉ ነው በላት» አለኝ። እኔም ለሐኪሟ «ጠግቤያለሁ ይላል» ብዬ ተረጐምኩላት። እርሷም ጻፈችው። ያን ትርጕም ዛሬም አስበዋለሁ፤ ከቋንቋ አንጻር አልተሳሳትኩም ነበርና።

ያዳነው ሕክምናው ብቻ ነው ማለት አልችልም። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አንዲት እናት ነገሩን ሰምተው አጥሚት በቴርሞስ ይዘው በየማታው መጡ፤ የነፍስ አባቱም ይህ ጾም ካልተፈቀደለት ቀን የሚጾም በመሆኑ እንዲተወው በግልጽ አዘዙት። ወዳጄ ትእዛዙን የተቀበለው በእፎይታ ነበር። በራሱ ላይ የፈረደውን ፍርድ የሚሽርለት ሥልጣን ያለው ሰው ሲፈልግ ኖሯል። እርሱ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ይህን እንድጽፍም ፈቅዷል።

የጾሙ ምግብ ራሱ በዚህ ጎዳና ላይ ያገኘው አዲስ ሕይወት ያስደንቃል። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ በያይነቱ ተብሎ በአንድ ትሪ የሚቀርበው ሁሉ፣ ሥጋ የማይበሉ አሜሪካውያንና ክብደት የሚቀንሱ የሆሊውድ ሰዎች የሚሹት ሆኗል፤ ከ2000 ወዲህ ሥጋና ቅቤ ጨርሶ የማያቀርብ ምግብ ቤት እስከ መከፈት ተደርሷል። ንስሓ ይገቡበት የነበረው ምግብ ውበት ይፈልጉበት ጀመር። ባለ ምግብ ቤቶቹ ተጠቅመዋል፤ መልካም ነው። አንዳንዱ የእኛ ሰው ግን ከስኳር በሽታ ፍርሃት የተነሣ፣ ወይም ቦርጩን ጠልቶ፣ ዐቢይ ጾምን ለክብደት መቀነሻ እየተጠቀመበት ነው። የስኳሩ ፍርሃት መሠረት የለሽ አይደለም፤ በእስራኤል የተደረገ ጥናት በ1988 እንዳመለከተው ሕመሙ ከኢትዮጵያ በመጡ ወጣቶች ዘንድ ሳይታሰብ በዝቶ ተገኝቷል። በረኀብ የሠለጠነ ሰውነት ድንገት ጥጋብ ሲገጥመው የሚሆነው ይህ ነው።

ልጆቻችን ደግሞ ሌላ ነገር ይዘዋል። ከፌርፋክስ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢነዱ ቬኒስ ባሕር ዳርቻ ይደርሳሉ፤ ጆ ጎልድ በ1965 የመጀመሪያውን ጂም የከፈተው፣ በ1977 የወጣው «ፓምፒንግ አይረን» የተባለው ፊልምም ጡንቻን የወጣት ሁሉ ምኞት ያደረገው በዚያ ሠፈር ነው። ሃሪሰን ፖፕና ጓደኞቹ በ1993 እና በ1997 ባወጧቸው ጽሑፎች የገለጹት ሕመም፣ ማለትም ጡንቻው የዳበረ ወንድ በመስተዋት ራሱን ሲያይ ኮስማና መስሎ የሚታየው፣ በዚህ ከተማ ከተወለዱ የእኛ ወንዶች ልጆች ለአንዳንዶቹ ስም የማያስፈልገው ዕለታዊ ኑሮ ነው። አባት የኮረምን ሥዕል በሸሚዝ ሸፈነው፤ ልጅ በጡንቻ ይሸፍነዋል። ልጁ የዶሮ ሥጋ በሚዛን እየመዘነ ለብቻው ይበላል፤ እንጀራ አይነካም። እናቱ ጕርሻ ስትሰጠው ስንት ካሎሪ እንዳለው ያሰላል። አባቱ ከዚህ ሁሉ ምንም አይገባውም፤ ምክንያቱም ልጁ አልከሳም።

በዚህ ከተማ በጤና ተቋሞች ለኢትዮጵያውያን የሚቀርቡ መጠይቆች ወደ አማርኛ እየተተረጐሙ ነው። ከእነዚህ አንዱን ለማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። ስለ ምግብ የተጻፈው ክፍል «ወፍራም እሆናለሁ ብለው ይፈራሉን?» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ስለ ክብደት፣ ቀጥሎ ስለ ልብስ ልክ ይጠይቃል። አስተያየት እንድጽፍ በተተወው ባዶ ቦታ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሬ መለስኩት፤ አጥሚት ያመጡት እናት ማታ ማታ በሩን ከፍተው ሲገቡ፣ ቴርሞሱን ገና ሳያስቀምጡ፣ ወዳጄን ይጠይቁት የነበረውን፦ «ዛሬስ ሆድህ እንዴት ዋለ ልጄ?»